የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው

ጎርደን ፒርት ሞተር ብስክሌቱን ሳያጥብ ቤት አይገባም። ይህን የዊርዴል ሸለቆ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኅዳር እስከ መጋቢት የበረዶ ማቅለጫ ጨው በታኙ መኪና ጠዋትና ማታ እየተመላለሰ አስፋልቱን ሲያነጣው፣ ሌላው ባለሞተር ንብረቱን አልብሶ፣ ባትሪውን ፈትቶ ጸደይን ይጠብቃል። ጎርደን ግን በሰባ ሁለት ዓመቱም እሁድ እሁድ ተራራውን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ካለችው ሻይ ቤት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቹን በልቶ፣ በጭቃና በጨው ተለውሶ ይመለሳል። ሻይ ቢጠማው፣ ሽንቱ ቢወጥረው፣ አፍንጫው ቢንጠባጠብ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ነው።

አስተጣጠቡም ሕግ አለው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ የተኛውን ጨው ይቀሰቅሰዋል፤ ለብረት ደግሞ ከነቃ ጨው የከፋ ጠላት የለም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠገቡ አይድረስ፤ እሱ ራሱ ጨው አለበት። በውሃ ጎማ ከላይ እስከ ታች ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ከዚያ የዝገት መከላከያው ዘይት ከቆርቆሮው እየተነፋ ብሎኑንም የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካም ያለብሰዋል። ዘይት የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍሬኑ ዲስክ፤ ቅባት ከነካው ፍሬኑ አይይዝም። ጎርደን ዘይቱን ከመንፋቱ በፊት የፊቱንም የኋላውንም ዲስክ በዳቦ ፌስታል ይጠቀልላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘነጋም።

ልጁ ሎርና ይህን ሁሉ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። ሰማች ማለት ግን አወቀች ማለት አይደለም። ሰው ጎረቤቱ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ስለ ራቱ እንደሚያስብ፣ እሷም እንደዚያ ነበር የምትሰማው።

ሎርና አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ከአባቷ ሦስት ቤት ዝቅ ብላ ትኖራለች። እናቷ ከሞተች አምስት ዓመት አልፏል፣ ባሏም ከሄደ ሰነበተ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮቷ ጋ ቆማ፣ የሞተሩ ድምፅ ከዳገቱ ላይ እስኪሰማ ድረስ ያንኑ አንድ ሳህን ደጋግማ ትወለውላለች። ትፈራ ነበር። አባቴ አንድ እሁድ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ይሞትብኛል ብላ ትፈራ ነበር፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

ይህን ግን ለእሱ ነግራው አታውቅም። የዚያ ሸለቆ ሰው ፍርሃቱን አይናገርም፣ ይተርባል እንጂ። እናም ሎርና ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ የሬሳ ሣጥንህን ከኋላ አስረኸው ውጣ፣ ለእኛም ሥራ ይቀልልናል» ትለዋለች።

«ሣጥን ዳገት ላይ ይከብዳል» ይላል እሱ፣ ጓንቱን እያጠለቀ። «ደግሞ ነፋስ ይይዛል።»

ይኸው ነው። ተሳስቀው ይለያያሉ፣ እሷም ወደ ሳህኗ ትመለሳለች።

ከገና በኋላ ባለው ወር፣ አንድ እሁድ፣ ጎርደን ከተራራው ሲመለስ እጁ ከዳው። ሠላሳ ዓመት በድንጋይ ማውጫው የዓለት መሰርሰሪያ የጨበጠ እጅ ነው፤ ብርድ ሲያገኘው ጣቶቹ እንደ ሻማ ይነጡና ይደነዝዛሉ። የዚያን ቀን የውሃውን ቧንቧ ማዞር አቃተው። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፤ ተሳደበ። ከዚያ ጣቶቼ ነፍስ እስኪዘሩ አምስት ደቂቃ ልሙቅ ብሎ ገባና፣ እሳቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ከነቡቲው እንቅልፍ ጣለው።

ሎርና የእሁድ ምሳውን በሳህን ከድና ስትመጣ፣ ሞተሩ ደጅ ቆሟል፤ ጨው ደርቆበት ዱቄት የተነፋበት መስሏል። በመስኮት ብታይ አባቷ አንገቱን ጥሎ ያንኮራፋል፤ እጆቹ ጭኑ ላይ ተዘርግተዋል፣ ጣቶቹ ገና አልቀሉም። ይህ ሰውዬ አሁን ቢነቃ በዚያ እጁ ወጥቶ ውርጭ ውስጥ ሊያጥብ ነው፣ አለች። አንጀቷን በላት።

ቀስ ብላ ገብታ ሳህኑን ምድጃው ውስጥ አስቀመጠች። ውሃ አፈላች። ሦስት ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ አከታትላ ሞተሩ ላይ አፈሰሰች። ከማጠቢያው ገንዳ ሥር አረንጓዴውን የዕቃ ሳሙና አምጥታ አረፋው መሬት እስኪወርድ አሸችው፤ ድስት በማጠብ ማን ይቀድማታል? ከዚያ ጋራዡ ውስጥ የዘይቱን ቆርቆሮ አገኘች። እሱ ሲነፋ አይታለች፤ ቀላል ነገር ነው። ሞተሩን ነፋች፣ ሹካውን ነፋች፣ የፊቱም የኋላውም ጎማ መሀል የሚያበራውን ክብ ብረት ደግሞ ይበልጥ እንዲያበራ ሁለት ጊዜ ነፋችው። ገፍታ አስገባችው፣ ልብሱን አለበሰችው፣ በሩን ዘጋችና ሄደች። ነገ ብነግረው «ሞተሬን ማን ንኪ አለሽ» ብሎ ነው የሚነሳብኝ፣ ብላ ዝም አለች። ደስ ብሏት ነበር።

ጎርደን ሲነቃ ሞተሩ ታጥቦ፣ ዘይት ሸትቶ፣ ለብሶ ቆሟል። ልብሱን በአንድ ጥግ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ሸፈነው። ምሳው ምድጃ ውስጥ ነው፤ ሎርና መጥታ ሄዳለች ማለት ነው። ሎርና ደግሞ በሕይወቷ ሞተር ነክታ አታውቅም። ማጠቡን ለማስታወስ ሞከረ። ቧንቧው ሲያቅተው ያስታውሳል፣ ወንበሩን ያስታውሳል፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ለማንም አልተናገረም። የማይናገርበት ምክንያት ነበረው፤ አባቱ ልክ በዚህ ዕድሜው ነው መርሳት የጀመረው። መጨረሻ ላይ የአረጋውያን ቤት አልጋው ላይ ሆኖ ጎርደን ሲገባ «ፖስተኛው መጣ» ይል ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ እንደ ልማዱ ወጣ። ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቁልቁለት አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከታች መገናኛው ላይ ጓደኛው ኪዝ በመኪናው ሆኖ ይጠብቀዋል። ኪዝ ሞተሩን ካስተኛ ዓመታት አልፈዋል፤ ሻይ ቤቱ ድረስ የሚከተለው ማሞቂያውን ከፍቶ ነው፣ ጎርደንም በየሳምንቱ «አንተ የሳሎን ወንድ» ይለዋል።

ጎርደን መገናኛው ሊደርስ የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። ምንም የለም። የኋላውን ረገጠ። እሱም ምንም። በግ የጫነ ትልቅ መኪና ከግራ እየመጣ ነበር። ጎርደን ከመኪናው አፍንጫ ፊት በክንድ ርቀት አለፈ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ የጸሎት ቤቱን የቁጥቋጦ አጥር ሰብሮ ሣር ላይ ወደቀ። ትከሻው በለዘ፤ ሌላ አልተጎዳም። የበጉ መኪና ሾፌር ወርዶ ስድቡን ሁሉ አራገፈና ሄደ።

ኪዝ ሞተሩን አንስቶ ዲስኩን በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተው። ጎርደንን አየው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይኼ ዘይት ነው።»

ጎርደንም ጎንበስ ብሎ ዲስኩን ነካው። ሞተሩን እየገፉ ወደ ጋራዡ አወጡት፤ ጎርደን ከነጨውና ከነሣሩ ልብሱን ጣለበት። ጋልቦት ሳያጥብ ሲያስገባው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሎርና ግጭቱን የሰማችው ከኪዝ አፍ ነው፤ አባቷን ቤቷ ድረስ ይዞት መጣ። ጎርደን ወጥ ቤቷ ገብቶ ተቀመጠ። ሻይ አስቀመጠችለት፣ አልነካውም።

«ፍሬኑን ዘይት ቀባሁት» አለ። «እኔ። አርባ ዓመት ሌላውን ስመክር የኖርኩት ሰውዬ።»

«ማንም ይሳሳታል» አለ ኪዝ።

«መሳሳት አይደለም። ማጠቤን ራሱ አላስታውሰውም። ያለፈው እሁድ ነቅቼ ሳየው ታጥቧል። መች አጠብኩት? እንዴት አጠብኩት? የለም። እንደ ሰሌዳ ተጠርጓል።» ከኪሱ የሞተሩን ቁልፍ አወጣና ከሻዩ አጠገብ አኖረው። «እንደ አባቴ ነው የጀመረኝ፣ ሎርና። በቃ። ሰው ሳልገድል ልተወው።»

ሎርና አፏን ከፈተች። መጀመሪያ የመጣላት እውነቱ ነበር፤ አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ገድዬህ ነበር እኮ። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከዚያ ዓይኗ ቁልፉ ላይ ዐረፈ። ስንት እሁድ፣ ስንት ሳህን፣ ስንት ጊዜ ከተራራው ላይ የአምቡላንስ ድምፅ ሰምታ ደጅ ወጥታ ቆማለች። ያ ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በራሱ እጅ አልቋል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ቁልፉን አንሥቶ ይሄዳል።

«ይሻላል፣ አባዬ» አለችና ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሰው ክፉ ሳይሆንም ክፉ ይሠራል፤ ሎርናም ከዚያ የተለየች አልነበረችም። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲሆን ውርጭ ነበር። በረዶው ይለፍ፣ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ አለች። በመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሶፋዋ ላይ ተጋድማ፣ ውጭ የበረዶው ነፋስ ሲያገሳ፣ ከስንት ዓመት ወዲህ እንደ ሕፃን ተኛች።

ጎርደን ግን ቀለጠ። የታመመ ሰው በሽታውን ካላወቀ እንዳሻው ይኖራል፤ ጤነኛ ሰው ታምሜያለሁ ብሎ ካመነ ግን ጉዱ ነው። የኪዝን ውሻ ስም ለደቂቃ ቢረሳ ፊቱ አመድ ይመስላል። ሱቅ ሄዶ ወተት ረስቶ ቢመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። መላጨት ተወ። ለሐኪም ቀጠሮ ደውሎ ለሚቀጥለው ወር ሰጡት፤ የቀጠሮውን ቀን በቤቱ ውስጥ አራት ቦታ ጻፈው።

«ሰውዬውን እያየሽው ነው?» አላት ኪዝ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በር ላይ። «ዓርብ ዕለት ሻይ ቤቱ ልውሰድህ ብለው፣ መንገዱን ብረሳውስ አለኝ። የምነዳው እኔ ነኝ እኮ!»

«እያየሁት ነው» አለች ሎርና። ፊቷን ወደምትልጠው ድንች አዞረች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሦስት ሳምንት በሰው ሆድ ያደረ እውነት ግን የሚጠራ አይመስለኝም፤ ይሻግታል። ሎርናም መብላት አቃታት።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን ልታጥብለት ሄደች። እሱ ከኋላ እንጨት ያስገባል። ወጥ ቤቱ ሁሉ በወረቀት ተለጥፏል። ቁም ሣጥኑ ላይ «ኩባያ»፣ ምድጃው ላይ «ጋዙን አጥፋ»፣ በሩ ላይ «ቁልፍ ያዝ»። ማቀዝቀዣው ላይ የእሷ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ወረቀት ተለጥፏል። ቀረብ ብላ አነበበችው፦

«ሎርና። ልጅህ ናት። ባታውቃትም የምትልህን እመናት።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያለቀሰችው ከእናቷ ቀብር ወዲህ አልቅሳ በማታውቀው ዓይነት ነው። ጎርደን እንጨቱን እንደታቀፈ ገባና ቆመ።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ፣ ሞተሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ተኝተህ ነበር። ዘይቱንም የነፋሁት እኔ ነኝ። አንተ ምንም አልረሳህም፤ ምንም የለህም።»

ጎርደን እንጨቱን አስቀመጠ። አጠገቧ በርከክ ለማለት ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለው። ራሷን ዳበስ አደረጋት።

«ደግ ልጅ ነሽ» አለ። «ግን እንዲህ አታድርጊ። አሁን እንዲህ ብለሽ ብታጽናኚኝ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ልትፈጥሪልኝ ነው። ሐኪሙ ጋ እስክሄድ ተይኝ።»

«እውነቴን ነው!»

«ሞተር በየት በኩል እንደሚታጠብ ሳታውቂ?»

ክንዱን ይዛ ጎትታ አወጣችው። የጋራዡን በር ከፈተች፣ ልብሱን ገፈፈች። ሞተሩ ታሞ ነበር። አሉሚኒየም ሲዝግ አይቀላም፣ እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭ ያወጣል፤ የሞተሩ ሆድ በሙሉ ነጭ አውጥቷል። ጎርደን ከግጭቱ ወዲህ ስላላጠበው የእኔው ጥፋት ነው ብሎ ዓይኑን ሊመልስ ሲል፣ አንድ ነገር ያዘው። ዝገቱ ከላይ ወደ ታች በጅረት በጅረት ወርዷል፤ የጎማ ውሃ እንዲህ አይፈስም። ጎንበስ አለ። በጥፍሩ ከአንዱ ብሎን ጉድጓድ የደረቀ ነገር ፈለቀቀ። አረንጓዴ ነው። በምላሱ እርጥብ አድርጎ በሁለት ጣቱ ፈተገው፤ አረፋ አወጣ።

«በምን አጠብሽው?»

«በዕቃ ሳሙናው።»

«በሙቅ ውሃ?»

«ሦስት ማንቆርቆሪያ።»

ጎርደን ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መሰላት፣ እየሳቀ ነበር። «ሙቅ ውሃ» ይላል፤ «የዕቃ ሳሙና» ይላል፤ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። «አላበድኩም» አለ። «ወይ አምላኬ፣ አላበድኩም።» ሎርናም እየሳቀች ታለቅስ ጀመር። ለአፍታ ያህል ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ሲያሰላ ታየዋለች።

«የወደቅኩ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ አባቴ ነው የጀመረኝ ስልሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን መቆጣቱንም ተወው። ቁልፉን እንድታመጣለት ብቻ ነገራት። አመጣችለት። ሳምንቱን ሙሉ ነጩን በብሩሽ ሲፍቅ፣ ዲስኩን ሲያጸዳ፣ ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ በአዲስ ሲቀይር ሰነበተ። ልርዳህ ብላ ሁለት ጊዜ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ አልቸገርም» አላት። ለጎረቤት የሚባል ነው። የተለጣጠፈውን ወረቀት ሁሉ ከወጥ ቤቱ ነቃቅሎ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ላይ ፎቶዋ ብቻ ቀርቷል።

እሁድ ጠዋት ጨው በታኙ መኪና ሁለት ጊዜ አለፈ። ኪዝ ቁልቁለቱ ላይ መኪናውን አቁሞ ወርዷል፤ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ጎርደን ተላጭቶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ሞተሩን አስነሥቷል። ሎርና ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ከቤቷ ወጣች። ኪዝ ትረባውን እየጠበቀ ፈገግ አለ። ስለ ሬሳ ሣጥን አልተናገረችም።

መጥታ የሞተሩን እጀታ ያዘች።

«አባዬ፣ እባክህ አትሂድ» አለች። «ፈርቻለሁ። ሁልጊዜ ነው የምፈራው። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው ያን ያደረግሁት። እለምንሃለሁ፣ ተወው።»

ኪዝ ፊቱን አዞረ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ መንገድ ዳር እንዲህ አይባልም።

ጎርደን የራስ ቁሩን መስታወት ከፍ አደረገ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር።

«አንድ ቀን እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ ያኔውኑ እተወው ነበር» አለ። «እናትሽ ከሞተች ጀምሮ፣ ከሚስቁብኝ ውስጥ የሚጨነቅልኝ ሰው አለ ወይ እያልኩ ነው ዳገቱን የምወጣው።»

«ይኸው አልኩህ እኮ።»

«አልሽኝ» አለ። «አሁን ግን ፍርሃት ይሁን ዘዴ፣ እኔ በምን ልወቅ?»

እጇን ከእጀታው ላይ በቀስታ አነሣው። ቁልቁለቱን ወረደ፣ መገናኛው ላይ የኋላው ቀይ መብራት በራ፣ ሞተሩም በደንብ ቆመ። ግራና ቀኙን አይቶ ወደ ተራራው ታጠፈ። ኪዝ መኪናው ውስጥ ገባና ተከተለው።